ዶክተር ጆርጅ ኮትዚያስ

ዶክተር ጆርጅ ኮትዚያስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918 ዓ.ም. በግሪክ አገር በቀርጤስ ደሴት ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን በአቴና ጀምረው ሳለ የጀርመን ጦር በ1941 አገራቸውን ስለ ወረረ ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ ትምህርታቸውንም በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፈጸሙ።

በዚያ ዘመን ፓርኪንሰን የተባለው በሽታ ሰውነትን እያንቀጠቀጠና እያደረቀ ብዙ ሰዎችን ከአልጋ ያውል ነበር። የበሽታው ጠንቅ በአንጎል ውስጥ ያለው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ማነስ መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ አንጎል ገብቶ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው ዶፓ በመድኃኒትነት ተሞከረ። ይሁን እንጂ ጥቂት ሲሰጥ ጥቅሙ አልጸናም፤ ብዙ ሲሰጥ ደግሞ ሕመምተኛውን ያስታውከው ነበር። ስለዚህ አያሌ ሐኪሞች ተስፋ ቆረጡ።

ዶክተር ኮትዚያስ ግን በኒው ዮርክ በሚገኘው በብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ መድኃኒቱን በጥቂቱ ጀምረው፣ ሰውነት እየለመደው ሲሄድ መጠኑን ቀስ በቀስ ከፍ አደረጉ። መራመድ ተስኗቸው ከነበሩት ሕመምተኞች መካከል እንደገና ቆመው የሄዱ ነበሩ። ውጤቱም በ1967 ለዓለም ተገለጠ። ሌቮዶፓ የተባለው የዶፓ ዓይነት በሽታውን ፈጽሞ ባይፈውስም እስከ ዛሬ ዋነኛው መድኃኒት ነው።

ዶክተር ኮትዚያስ በ1977 በሳንባ ካንሰር ዐረፉ። ሌሎች የተዉትን መድኃኒት በትዕግሥት መርምረው ለሕሙማን ጥቅም ስላበቁት ስማቸው በምስጋና ይነሣል።