አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከኳስ ሜዳ እስከ አፍሪካ መሪነት

ብዙዎቻችን የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ስም ስንሰማ ትዝ የሚሉን በስብሰባ ወንበር ላይ የተቀመጡ የስፖርት ባለሥልጣን ናቸው። እኚህ ሰው ግን ከሁሉ በፊት ኳስ ተጫዋች ነበሩ። ታሪካቸውን ለመጻፍ ያነሣሣንም ተጫዋቹና ባለሥልጣኑ አንድ ሰው ሆነው ስላገኘናቸው ነው።

የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው፤ የእንቁጣጣሽ ልጅ ናቸው ማለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። የልጁ ዝና ግን በዜማ ሳይሆን በእግር መጣ።

በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአራዳ ወጣቶች የቅዱስ ጊዮርጊስን ክለብ ሲያቋቁሙ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። እዚህ ደልጊ ከአጨዳ በኋላ በባዶ ማሳ ላይ የጨርቅ ኳስ ያባረረ ሁሉ በዚያ ዕድሜ የኳስ ፍቅር ምን እንደሚያደርግ ያውቀዋል። ነገር ግን ዓመቱ ክፉ ነበር። በዚያው በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪዎቹ ስፖርቱንም በዘር ለዩት፤ የአገሩ ልጅ ለብቻው፣ ነጩ ለብቻው እንዲጫወት ሆነ። የክለቡን ስም እንኳ ለውጠው በራሳቸው አጠራር ሰየሙት። ይድነቃቸው የወጣትነት ጊዜያቸውን ያሳለፉት እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ነው። እኛ እንደምናስበው ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ ለመረዳት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ጠላት ከወጣ በኋላም ከክለባቸው አልተለዩም። በጠቅላላው 23 ዓመት ለቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ተጫውተዋል። በስማቸው የተመዘገበው 365 ጨዋታና 318 ጎል ነው፤ በየጨዋታው አንድ ጎል ሊሞላ ጥቂት ቀረው ማለት ነው። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። በዚያ ዘመን ኳስ ደመወዝ የሚያስገኝ ሙያ አልነበረም። ተጫዋቹ ቀን ሥራውን ሠርቶ ማታ ልምምድ ይወጣ ነበር። እሳቸው ደግሞ በዚህ ላይ የፌዴሬሽኑን ሥራ ያካሂዱ፣ የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ ይመልሱ ነበር። ዛሬ ዳኛ ፊሽካ ሲነፋ በአማርኛ የምንከራከረው ያ ድካም ስለነበረ ነው ብንል አንሳሳትም።

በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ኢትዮጵያን ወክለው ከተገኙት አንዱ ናቸው። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ወዲያው ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር ሲዘጋጁ ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮች ብቻ፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እልካለሁ እንጂ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት አልልክም አለች። ሦስቱ አገሮች እንዲህ ከሆነ ቅሪ አሏት። ኢትዮጵያ በዚህ ምክንያት ሳትጋጠም ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ይህ ሽንፈት እኛን ብዙም አያሳፍረንም።

ደስታው የመጣው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ነው፤ ከጥምቀት በዓል ሁለት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ግብፅ በዚያ ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር፤ ሁለት ጊዜ ቀደመች፤ ግርማ ተክሌና አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውን ሉቻኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ከዚያ ወዲህ ትግሉ ወደ አዳራሽ ገባ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ ፊፋ፣ ደቡብ አፍሪካን በ1954 ዓ.ም. ካገደ በኋላ በእንግሊዛዊው ፕሬዚዳንት በሰር ስታንሊ ራውስ ዘመን፣ በ1955 ዓ.ም. እገዳውን አነሣላት። አቶ ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው ዝም አላሉም፤ በ1957 ዓ.ም. እገዳው ተመለሰ። በዚያው ሰሞን ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ በሙሉ አንድ እርግጠኛ ቦታ እንኳ ስላልተሰጠ የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው በአንድነት ወጡ። ተጫዋቾቹ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ የሚገኘውን ዕድል መሥዋዕት አድርገዋልና ቀላል ነገር አልነበረም። ፍሬው በ1962 ዓ.ም. ታየ፤ ሞሮኮ በአፍሪካ ቦታ ሜክሲኮ ሄደች።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚያው ቆዩ። ደቡብ አፍሪካ በ1968 ዓ.ም. ከፊፋ ጨርሳ ተባረረች።

በአንድ ነገር ግን ከእሳቸው ጋር እንከራከር ይሆናል። የአፍሪካ ተጫዋች በገንዘብ ተስቦ ወደ አውሮፓ መፍለሱን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ኮንፌዴሬሽኑም እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ አንድ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት በላይ በውጭ አገር የሚጫወቱ ልጆች እንዳያሰልፍ ደንብ ነበረው። ድኻ ቤተሰቡን በእግሩ ሊያሳድር የሚችል ወጣት ለምን ይከለከላል እንላለን። ይሁን እንጂ ይህን የሚሉት ሰው 23 ዓመት ያለ ደመወዝ በአንድ ማልያ የተጫወቱ ስለሆኑ፣ በሌላው ላይ የጫኑት ራሳቸው ያልተሸከሙትን አይደለም።

አቶ ይድነቃቸው ታመው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ዕለቱ ቡሄ ነበር። ደቡብ አፍሪካ በዚያን ጊዜ ገና እንደተባረረች ነበረች። አፓርታይድ ሲወድቅ በ1984 ዓ.ም. ተመለሰች፤ በጥር 1988 ዓ.ም. ጆሃንስበርግ ላይ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። የቡድኑ አምበል ነጭ ነበር፤ ከጎኑ የተሰለፉት አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ የለበሱትም አንድ ዓይነት ማልያ ነበር።