ዊልያም ኦስለር፣ ሉፐስ እና ከዝርዝሩ የቀረው ጡንቻ

ሉፐስ ባለባቸው ሕሙማን ላይ የሚከሠተው የጡንቻ ብግነት በሕክምናው ታሪክ ዘግይቶ ትኩረት ያገኘ ጉዳይ ነው። ቆዳ፣ መገጣጠሚያ፣ ኩላሊትና ልብ ቀድመው ተመዝግበዋል፤ ጡንቻ ግን ለረጅም ጊዜ በዳር ቆይቷል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ስማቸው ከሉፐስ ታሪክ ጋር ተደጋግሞ የሚነሣውን የሰር ዊልያም ኦስለርን ሕይወት ከዚህ አንጻር መመርመር ነው። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኦስለር ሐምሌ 12 ቀን 1849 በካናዳ ቦንድ ሄድ በምትባል የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። አባታቸው የአንግሊካን ቄስ ስለነበሩ ልጃቸውም የአባታቸውን መንገድ ይከተላሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ነገር ግን ማይክሮስኮፕ ከሚወዱ መምህራን ጋር መዋላቸው ሐሳባቸውን አስለወጣቸውና በ1868 ቶሮንቶ በሚገኝ የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። በ1870 በአስከሬን መማሪያ ክፍል ውስጥ ሳሉ በአንድ አስከሬን ጡንቻ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦችን አስተዋሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩአቸው ትሪኪኔላ የተባለው ጥገኛ ትል እጮች ሆነው ተገኙ። ይህ ትል ወደ ሰው የሚተላለፈው በተለይ በደንብ ባልበሰለ የአሳማ ሥጋ ነው። ጥሬ የበሬ ሥጋ የሚወደድበት አገራችን ከኮሶ ጋር እንጂ ከዚህ ትል ጋር ብዙም አይተዋወቅም።

ይህ የተማሪነት ግኝት ለርእሳችን ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው። ትሪኪኔላ የገባበት ሰው ትኩሳት፣ የዐይን ዙሪያ እብጠትና የጡንቻ ሕመም ይይዘዋል። በ1887 የጀርመን ሐኪሞች ተመሳሳይ ምልክት ኖሯቸው በጡንቻቸው ውስጥ ምንም ትል ያልተገኘባቸውን ሕሙማን መዘገቡ፤ አንደኛው ደዌውን ሐሰተኛ ትሪኪኖሲስ እስከማለት ደርሷል። ሃይንሪክ ኡንፈሪክት በ1891 ዴርማቶማዮሳይቲስ የሚለውን ስም ሰጡት። ጡንቻ ያለ ጥገኛ ትልና ያለ መግል ሊቆጣ እንደሚችል ሳይንሱ የተረዳው እንግዲህ ኦስለር በሙያቸው ጎልማሳ በሆኑበት ዘመን ነው።

ኦስለር ከማክጊል ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቁት በ1872 ነበር። በዚያው ዓመት በቪየና ሞሪትስ ካፖሲ ሉፐስ የቆዳ ደዌ ብቻ አለመሆኑን፣ ከትኩሳት፣ ከመገጣጠሚያ ሕመምና ከደም ማነስ ጋር ተያይዞ ሕይወትን ሊያሳጣ የሚችል የተሠራጨ መልክ እንዳለው አስታወቁ። ኦስለር ለተጨማሪ ትምህርት ወደ አውሮፓ ተሻግረው በርሊን ላይ ከፊርኮ ዘንድ ከቆዩ በኋላ በ1874 ቪየና ደረሱ፤ የካፖሲ አማትና አለቃ የነበሩት ሄብራም በዚያን ጊዜ ያስተምሩ ነበር። ወደ ሞንትሪያል ተመልሰው እጅግ ብዙ አስከሬኖችን መረመሩ። በ1884 ወደ ፊላደልፊያ፣ በ1889 ደግሞ ወደ ባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ተዛወሩ። የ1892ቱ የመማሪያ መጽሐፋቸው ዝናቸውን በዓለም አናኘው።

በሉፐስ ታሪክ የሚጠቀሱባቸው ሦስት ጽሑፎች በ1895፣ በ1900 እና በ1904 የወጡ ናቸው። በእነዚህ ጽሑፎች በጠቅላላው 29 ሕሙማን ቀርበዋል። ከቆዳ መቅላት ጋር የሆድ ቁርጠት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የኩላሊት ብግነት፣ የልብ ደዌና የነርቭ ችግር ተዘርዝረዋል። የኋላ ዘመን መርማሪዎች ታሪኮቹን እንደገና ሲያነቡ አብዛኞቹ ሕሙማን ሉፐስ ሳይሆን ሌላ ደዌ፣ በተለይም ሄኖክ ሾንላይን ፐርፑራ የሚባለው የደም ሥር ብግነት እንደነበረባቸው ደምድመዋል፤ በእርግጥ ሉፐስ የነበረባቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ኦስለርን የሉፐስ አግኚ አድርጎ ማቅረብ፣ በብዙ የመማሪያ ጽሑፎች እንደሚደረገው፣ ለካፖሲ ፍትሐዊ አይደለም።

ሆኖም ከስሕተቱ ሁሉ የሚተርፍ አንድ ትልቅ ሐሳብ አለ። ደዌው ለወራት፣ ለዓመታትም እየተመላለሰ እንደሚመጣ፣ አንዳንዱ ጊዜም በቆዳ ላይ ምንም ሳያሳይ የውስጥ አካልን ብቻ እንደሚያጠቃ ኦስለር ተገንዝበው ነበር። ይህ ግንዛቤ ለእኛ አገር ሕሙማን ልዩ ትርጉም አለው፤ በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት የሚባለው ነገር ቀይ ሆኖ አይታይምና፤ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መሰል ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ጡንቻ ግን በዝርዝራቸው ውስጥ ዋና ቦታ አላገኘም። ምክንያቱ በእኔ ግምት የምርመራ ጉድለት ሳይሆን የመደብ ጉዳይ ነው። ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ሲደክም ድካሙ የትኩሳቱ ጥላ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ራሱን የቻለ ምልክት መሆኑን የሚጠይቅ አይኖርም።

ሦስተኛው ጽሑፍ በታተመበት በ1904 ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙትን መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ነቀምቴ ገብተዋል። ስለ ሉፐስ በዚያን ጊዜ በወለጋ የሚያውቅ ይኖራል ብሎ ማሰብ ያዳግታል። ዛሬ ግን ጥያቄው በነቀምቴ የውስጥ ደዌ ክፍልም ሊነሣ የሚችል ነው። በልዩ ልዩ ጥናቶች ሉፐስ ካለባቸው ሰዎች ከመቶ ከ4 እስከ 16 በሚሆኑት ላይ እውነተኛ የጡንቻ ብግነት ተመዝግቧል፤ ተራ የጡንቻ ሕመም ከዚህ እጅግ የበዛ ነው። ሁለቱን መለየት የሚጀምረው ከላቦራቶሪ በፊት ነው። ሕመምተኛዋ ከበርጩማ ያለ እጅ ድጋፍ ትነሣለች? ፀጉሯን ስትሠራ ክንዷ ይዝላል? ሙቀጫ ላይ ቡና መውቀጥ ካቃታት መቼ ጀምሮ ነው? የዳሌና የትከሻ ዙሪያ ጡንቻ ድክመት ከተገኘ በደም ውስጥ ያለው ክሬያቲን ካይኔዝ ይለካል፤ መጠኑ ልከኛ መሆኑ ግን ብግነትን ፈጽሞ አያስቀርም። ሌላም አሳሳች ነገር አለ። ለሉፐስ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ራሱ፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ፣ እነዚሁኑ ጡንቻዎች ያደክማል፤ ክሎሮኪንም አልፎ አልፎ እንዲሁ ያደርጋል። ብግነት ከሆነ መድኃኒቱ ይጨመራል፣ የስቴሮይድ ጉዳት ከሆነ ይቀነሳል። የሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋበት አገር ይህን አሳስቶ መጨመር ቀላል ጥፋት አይደለም።

ይህ ዓይነቱ ምርመራ ኦስለር ተማሪዎችን ከአዳራሽ አውጥተው ወደ ሕመምተኛው አልጋ ሲወስዱ የተከሉት ልማድ ነው። በሉፐስ ላይ የጻፉት ቢታረምም ልማዱ ቆይቷል።

ኦስለር በ1905 ወደ ኦክስፎርድ ተሻግረው የንጉሣዊውን የሕክምና መንበር ያዙ፤ በ1911 የባሮኔትነት ማዕርግ ተሰጣቸው። ነሐሴ 1917 ለዐዋቂነት የደረሰ አንድ ልጃቸው ሬቬር በፍላንደርስ ጦር ሜዳ ቆስሎ ሞተ። ከዚያ በኋላ የቀድሞው ጉልበታቸው አልተመለሰም። በሳንባ ምች ሰንብተው ታኅሣሥ 29 ቀን 1919 በ70 ዓመታቸው አረፉ፤ የእርሳቸው አስከሬንም ተመረመረ። ወደ 8,000 የሚጠጉ መጻሕፍታቸው ለማክጊል የተሰጡ ሲሆን የአስከሬናቸው አመድም በዚያው ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።