የማርጋሬት ናይት ደብተር

ከዳቦ ቤት ወይም ከቡና መሸጫ ስንወጣ በእጃችን የምንይዘውን የካኪ ወረቀት ከረጢት ልብ ብለን አይተነው እናውቃለን? ታቹ ጠፍጣፋ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ሰው አፉን ካልያዘልን ብለን አንቸገርም፤ በሁለት እጃችን እንሞላዋለን። እንዲህ ያለውን ከረጢት በመኪና ለመሥራት መንገድ ካገኙት ሰዎች ግንባር ቀደሟ የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረች ሴት ናት። ስሟ ማርጋሬት ናይት ይባላል። በዚህ እትም የእሷን ሕይወት ለማቅረብ የመረጥነው፣ ሥራ ላይ ብልጭ የምትል ሐሳብ እንዴት እንደምታድግና ምን ካልተደረገላት እንደምትጠፋ ከእሷ የበለጠ የሚያሳየን ሰው ስላላገኘን ነው።

ማርጋሬት የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1838 በአሜሪካ፣ በሜይን ግዛት፣ ዮርክ በምትባል ከተማ ነው። አባቷ የሞተው ገና ልጅ ሳለች ነበር። የዕድሜ እኩዮቿ በአሻንጉሊት ሲጫወቱ እሷ የምትወደው ሰንጢ፣ መሰርሰሪያና ቁራጭ እንጨት ነበር። ለወንድሞቿ የበረዶ መንሸራተቻ ትሠራላቸው ስለነበር በሰፈሩ ልጆች ዘንድ ታወቀች። ቤተሰቡ በኋላ የጥጥ ፋብሪካዎች ወደሞሉባት ወደ ማንቸስተር፣ ኒው ሃምፕሸር ተዛወረ። ማርጋሬትም እንደ ብዙዎቹ የድሃ ልጆች በልጅነቷ ፋብሪካ ገባች።

አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት አንድ አደጋ አየች። በሽመና መኪናው ላይ ድሩን እየከፈለ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው መወርወሪያ ጫፉ ብረት ነበር። ከመስመሩ ተፈናጥሮ ወጣና ሠራተኛ አቆሰለ። እንዲህ ያለው ጉዳት በዚያ ዘመን የተለመደ ስለነበር ትልልቆቹ እግዜር ያወጣው ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ልጅቷ ግን መወርወሪያው ለምን ይወጣል፣ ምን ቢደረግ አይወጣም እያለች አሰበችና የሚከላከል መሣሪያ ፈጠረች። ፋብሪካዎችም ተጠቀሙበት።

ከዚህ ሥራ ግን አንዲት ሳንቲም አላገኘችም። ልጅ ስለነበረች ፓተንት የሚባለውን፣ ማለትም መንግሥት ለፈጠራ የሚሰጠውን የባለቤትነት ማረጋገጫ፣ አላወጣችም። ንድፉም ስላልተመዘገበ ዛሬ መሣሪያው በትክክል ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ነገር የለም። የአገራችን ሰው በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

ካደገች በኋላ እጇ ያልነካው ሙያ የለም ማለት ይቻላል። ፎቶግራፍ ሠርታለች፣ በብረት ላይ ቅርጽ ቀርጻለች፣ ቤት ጠግናለች፣ ወንበርና ሶፋ አልብሳለች። ዛሬ ቢሆን አንድ ሥራ ላይ የማትረጋ የሚሏት አይጠፉም ነበር። ነገር ግን ከአንዱ ሙያ የተማረችው ለሌላው ይጠቅማት ነበር፤ ወረቀት፣ እንጨት፣ ብረትና ጨርቅ እንዴት እንደሚታጠፉና እንደሚቆረጡ በእጇ አወቀች።

እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኝ የወረቀት ከረጢት ፋብሪካ ተቀጠረች። በጊዜው መኪና መሥራት የሚችለው እንደ ፖስታ ያለ፣ ታቹ ጠባብ ከረጢት ብቻ ነበር። ዕቃ ሲገባበት አይቆምም። ታቹ ጠፍጣፋ የሆነው ከረጢት በእጅ እየታጠፈና እየተጣበቀ ስለሚሠራ ጊዜ ይፈጃል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ማርጋሬት እጅ የሚያደርገውን እጥፋት አንድ በአንድ ተመለከተች። የመጀመሪያው እጥፋት የቱ ነው? ቀጥሎስ? ሙጫው የሚገባው የት ላይ ነው? ይህን ሁሉ የሚያከናውን መኪና ቢኖርስ ብላ ማሰብ ጀመረች።

ከዚህ በኋላ ያደረገችው ለእኛ ዋናው ትምህርት ነው። ሐሳቡን በጭንቅላቷ ይዛ አልዞረችም። መጀመሪያ በወረቀት ነደፈችው። ያሰበችውንና የሞከረችውን በማስታወሻ ደብተሯ ጻፈች። ቀጥላ ከእንጨት ሠራችው። የእንጨቱ መኪና ወጣ ገባ ቢሆንም ወረቀቱን እየቆረጠ፣ እያጠፈና እያጣበቀ እውነተኛ ከረጢት አወጣ። በእሱም ብዙ ከረጢት ሠርታ ጉድለቱን እያየች አስተካከለች። ፓተንት ለመጠየቅ የብረት ሞዴል ስላስፈለጋት ወደ ቦስተን ሄዳ ለባለሙያዎች ሰጠች።

ችግሩ የመጣው እዚያ ነው። ቻርልስ አናን የሚባል ሰው ሞዴሉ ወደሚሠራበት ቤት ይመላለስ ነበርና መኪናውን አየው። ማርጋሬት ማመልከቻዋን ስታቀርብ ይኸው ሰው በስሙ ፓተንት አውጥቶበት አገኘችው። በዓመታት ልፋት ያደገች ሐሳብ በሌላ ሰው ስም ተመዝግባ ማየት ምን ያህል እንደሚያም መገመት አያዳግትም።

ማርጋሬት ግን ዝም አላለችም። በቀን 100 ዶላር የሚከፈለው ጠበቃ ይዛ ለ16 ቀናት ምስክርነት አሰማች። ለአንዲት ሠራተኛ ይህ እጅግ ከባድ ወጪ ነበር። አናን ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ ሴት እንዲህ ያለ የተወሳሰበ መኪና ልትረዳ አትችልም የሚል እንደነበር ይነገራል። እሷ በቃል ብቻ አልመለሰችለትም። ደብተሯን፣ ንድፎቿንና የእንጨት ሞዴሏን አቀረበች። ሥራው ከመነሻው ጀምሮ ሲያድግ ያዩ ሰዎችም መሰከሩላት። ውሳኔው ለእሷ ሆነና እ.ኤ.አ. በ1871 ፓተንቱ በስሟ ወጣ። ያን ቀን ያሸነፈላት ጠበቃው ብቻ አልነበረም፤ ማንም ይጠይቀኛል ብላ ሳታስብ በየጊዜው የጻፈችው ደብተርም ነው።

ከዚያ በኋላ ከሽርካዋ ጋር ሆና በሃርትፎርድ ከተማ የከረጢት ኩባንያ አቋቋመች። ሐሳቧም አልነጠፈም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ቀሚስ በላብ እንዳይበላሽ የሚከላከል መሣሪያ፣ የልብስ ማያያዣና የሥጋ መጥበሻ ዘንግ ፈጠረች። በ1890ዎቹ የጫማ ሶል የሚቆርጡ መኪናዎችን ሠራች። ካረጀች በኋላም በሞተሮች ላይ ትሠራ ነበር። በሕይወቷ ከ20 በላይ ፓተንቶች አግኝታለች።

ታሪኳን ስናቀርብ መጨረሻውን መደበቅ አይገባንም። ማርጋሬት እ.ኤ.አ. በ1914 በ76 ዓመቷ ስታርፍ የተገኘው ንብረቷ 275 ዶላር ያህል ብቻ ነበር። ብዙዎቹን መብቶቿን ለድርጅቶች አስተላልፋ ነበርና ከሐሳቦቿ የተገኘው ትርፍ በአብዛኛው ወደ ሌሎች ሄደ። ስለዚህ ሐሳብን መውለድ አንድ ሙያ ነው፣ ማሳደግ ሌላ ሙያ ነው፣ በተገቢው ዋጋ መሸጥ ደግሞ ሦስተኛ ሙያ ነው። በማኅበር የመደራጀታችን አንዱ ጥቅም አንዷ ብቻዋን ሦስቱንም እንዳትሸከም ነው። አንዷ የፈጠረችውን ሌላዋ ትሞክረዋለች፣ ሂሳብ የምታውቀዋ ዋጋውን ትተምናለች፣ ውል ማንበብ የምትችለዋ ፊርማ ከመኖሩ በፊት ታነበዋለች።

በባልትና፣ በስፌት፣ በሽመና፣ በሸክላና በምግብ ዝግጅት የተሰማራን ሁላችን በየቀኑ እጃችን ሥር ችግር እናያለን። ክዳኑ የማይገጥም ዕቃ፣ ቶሎ የሚሻግት በርበሬ፣ ወገብ የሚያደክም አቀማመጥ ሁሉ የሐሳብ መነሻ ነው። በአገራችንም ለፈጠራ ብቻ ሳይሆን ለአነስተኛ ፈጠራም ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 123/1987 ነው። ጥበቃው ግን የሚጀምረው ከቢሮ ሳይሆን ከቤታችን ነው።

እንግዲህ እያንዳንዳችን አንድ ደብተር እንያዝ። ሐሳቡ የመጣበትን ቀን እንጻፍ። መሳል ባንችልም በመስመር እናመልክት። መጻፍ ለሚከብዳት እኅት ልጇ ወይም ጎረቤቷ ይጻፍላት። ሞክረን ያልሆነውንም እንመዝግብ፤ ነገ የሚሆነውን የሚያሳየን እሱ ነውና። ሥራውን ለሌላ ሰው ከማሳየታችን በፊት ከማኅበሩ ሁለት አባላት አይተው ከነቀኑ ይፈርሙበት። ዋጋው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው።