የአገዳውን አጥር የተሻገረው ልጅ፦ ጣሃ ሁሴን

ከዘመናዊው የዐረብ ሥነ ጽሑፍ ታላላቅ ደራሲያን አንዱ የሆነው ጣሃ ሁሴን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1889 በላይኛው ግብጽ፣ በሚንያ ግዛት፣ መጋጋ ከተባለችው ከተማ አጠገብ በምትገኝ አነስተኛ መንደር ተወለደ። አባቱ በስኳር ኩባንያ ውስጥ በዝቅተኛ የሥራ ደረጃ ተቀጥሮ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነበር። ከ13 ልጆቹ መካከል ጣሃ ሰባተኛው ነው። ሕፃኑ ገና ነፍስ ሳያውቅ ዓይኑን ታመመ። ለጥቂት ቀናት ችላ ከተባለ በኋላ የመንደሩ ፀጉር አስተካካይ ተጠርቶ በልማድ የሚያውቀውን ሕክምና አደረገለት። የልጁ የዓይን ብርሃን በዚያው ጠፍቶ ቀረ።

የልጅነት ዓለሙ ወሰን ከቤታቸው ደጃፍ ጥቂት ራቅ ብሎ የቆመ የአገዳ አጥር ነበር። ጥንቸሎች በአጥሩ ሥር ሲሾልኩ ይሰማል፤ እሱ ግን ሊያልፈው አይችልም። ማታ ማታ የአቡ ዘይድ አል-ሂላሊን የጀግንነት ታሪክ በዜማ የሚተርክ አዝማሪ በአካባቢው ሰዎችን ይሰበስባል፤ ልጁም አጥሩን ተደግፎ ያዳምጣል። ጨዋታው ሲጥመው እኅቱ መጥታ ብድግ አድርጋ ወደ ቤት ታስገባዋለች፤ እናቱም የሚያቃጥል ጠብታ በዓይኖቹ ላይ ታንጠባጥባለች። ጠብታው ያሠቃየዋል እንጂ አይጠቅመውም። ሥነ ጽሑፍን መጀመሪያ የቀመሰው በጆሮው፣ ያውም ከመካከሉ በተቆረጠ ዜማ ነው።

በቤተሰቡ ማዕድ ላይ የደረሰበት አንድ ገጠመኝ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም። አንድ ቀን እንደ ወትሮው በአንድ እጁ መቁረስ ሲገባው በሁለት እጁ ቆርሶ ጎረሰ። ወንድሞቹ ሳቁ፤ እናቱ አለቀሰች፤ አባቱም ኀዘን ባጠላበት ለስላሳ ድምፅ አረመው። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ልጁ ሾርባንና ሩዝን የመሰሉ በማንኪያ የሚበሉ ምግቦችን ሁሉ በራሱ ላይ ከለከለ። ሰው እንዳይስቅበትና እናቱ እንዳታለቅስ ሲል መራብን መረጠ።

በመንደሩ የቁርዓን ትምህርት ቤት ገብቶ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ቁርዓንን በቃሉ አጠና። በቤቱ ግን ሞት ደጋግሞ ገባ። አራት ዓመት ገደማ የሆናት ታናሽ እኅቱ ትኩሳት ይዟት፣ ሐኪም ሳይጠራላት፣ በበዓል ዋዜማ ዐረፈች። እ.ኤ.አ. በ1902 ግብጽን በመታው የኮሌራ ወረርሽኝ ደግሞ ሐኪም ለመሆን የተዘጋጀው ታላቅ ወንድሙ ተቀጠፈ።

በዚያው ዓመት ጣሃ ከሌላው ወንድሙ ጋር በአል-አዝሃር ሊማር ወደ ካይሮ ሄደ። መኖሪያቸው በድሆች ሰፈር ያለ ክፍል ነበር። ወንድሙ ወደ ትምህርቱና ወደ ጓደኞቹ ሲሄድ እሱ ከግድግዳው ሥር ብቻውን ተቀምጦ ይቀራል፤ ምግቡም ለረጅም ጊዜ ዳቦና ጥቁር የሸንኮራ ማር ነበር። ለመግቢያ ፈተና ሲቀርብ ፈታኙ በስሙ ሳይሆን በዓይነ ስውርነቱ ጠራው። ቤተሰቡ ይህን ጉዳት በፊቱ ከማንሣት ይጠነቀቅ ስለነበረ፣ ያ ጥሪ ከፈተናው ይልቅ ከበደው።

እ.ኤ.አ. በ1908 የግብጽ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነ። በ1914 እንደ እሱ ዓይነ ስውር ስለነበረው ስለ ጥንታዊው ባለቅኔ አቡል ዓላ አል-መዓሪ ባቀረበው ጥናት ከዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውን የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበለ። ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ተልኮ በሞንፔልዬና በፓሪስ ተማረ። መጻሕፍቱን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብለት የነበረችው ሱዛን የተባለች ፈረንሳዊት እ.ኤ.አ. በ1917 ባለቤቱ ሆነች። በ1919 ወደ አገሩ ተመልሶ በዩኒቨርሲቲው መምህር ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ ቅድመ እስልምና ግጥም የጻፈው መጽሐፍ ከባድ ውዝግብ አስነሣበት፤ ጉዳዩም እስከ ዐቃቤ ሕግ ደርሶ በኋላ ተዘጋ። የልጅነቱን ታሪክ የሚተርከውን «አል-አያም»ን፣ ማለትም «ቀናቱ»ን፣ ያወጣው በዚሁ ውዝግብ ማግሥት ነው። ሥራው መጀመሪያ በ«አል-ሂላል» መጽሔት በተከታታይ ወጣ፤ በ1929 በመጽሐፍ ታተመ።

በዚህ መጽሐፍ ጣሃ ሁሴን ስለ ራሱ ሲጽፍ እንደ ሌላ ሰው ልጅ አድርጎ ነው። እኔ ብሎ አያለቅስም፤ ልጁን ከሩቅ እያየ ይተርካል። በዚያ ትረካ የድሃ ልጅ የአንባቢን ምጽዋት የሚጠብቅ ምስኪን አይደለም። ይታዘባል፤ ይዋሻል፤ ይፈራል፤ በመምህሩ ላይ በልቡ ይስቃል። አንባቢው ከእንባው በፊት ጥያቄ ይመጣበታል፦ ሐኪም ለምን አልተጠራም? የእኅቱ ሞት ዕጣ ነበር ወይስ ቸልተኝነት? የመጀመሪያው ክፍል ማብቂያ ለዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁ የተጻፈ ነው። ልጅቱ ዓይኑ ስለጠፋውና በሴት ልጁ ስለሚመራው ስለ ንጉሥ ኤዲፐስ ታሪክ ስትሰማ አልቅሳ ነበር፤ አባትየውም ለምን እንዳለቀሰች ያውቃል። የልጅነቱን ችግር ያልነገራትም በዚያ ዕድሜ ልቧ እንዳይሰበር ብሎ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው «ዱዓ አል-ከረዋን» የተሰኘው ልቦለዱ ዓይኑን ወደ ወጣት ሴቶች መለሰ። አባታቸው በጥፋቱ ከተገደለ በኋላ ከቀያቸው የተባረሩ አንዲት እናትና ሁለት ሴት ልጆችዋ ወደ ከተማ ወርደው በሰው ቤት ሠራተኝነት ይቀጠራሉ። ታላቂቱ ሃናዲ የተቀጠረችበት ቤት ባለቤት የሆነው የመስኖ መሐንዲስ ያታልላታል፤ ነውሩን አጠፋለሁ ያለው አጎቷም በምድረ በዳ ይገድላታል። ታሪኩን የምትተርከው ታናሽ እኅቷ አምና ናት። እሷም በፖሊስ አዛዡ ቤት ስታገለግል ከቤቱ ልጅ ጎን ሆና ማንበብ የተማረች ናት። ደራሲው ለቤት ሠራተኛዋ አዘኔታውን ብቻ አልሰጣትም፤ ቃሉን ራሱን አስረከባት። ጥፋተኛው ሳይጠየቅ የተበደለችው ለምን እንደምትሞት የምትጠይቀው እሷው ናት። ልቦለዱ በ1959 በሄንሪ በረካት አዘጋጅነት ወደ ፊልም ተለውጦ፣ ፋተን ሐማማ አምናን ሆና ተጫውታለች።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ስለ ድሆች የጻፋቸውን ታሪኮች «በምድር ላይ የሚሠቃዩ» በሚል ርእስ ሰበሰበ። ከታሪኮቹ አንዱ ሳሌሕ ስለተባለ የተራበና የታረዘ ልጅ ነው። ለጌጥ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተቆጣ ነበር። የጊዜው መንግሥት ግን መጽሐፉ በግብጽ እንዳይወጣ ከለከለ፤ የታተመው በሊባኖስ ነው። ጣሃ ሁሴን ከባለ ሥልጣናት ጋር ሲጋጭ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1932 ለፖለቲከኞች የክብር ዶክትሬት እንዲሰጥ ሲፈለግ ባለመስማማቱ ከፋኩልቲ ዲንነቱ ተነሥቶ ነበር።

መጽሐፉ ከታገደ ብዙም ሳይቆይ፣ በጃንዋሪ 1950 የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። በሥልጣን የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ትምህርት እንደሚጠጣ ውኃና እንደሚተነፈስ አየር ለሁሉም የሚገባ ነው የሚለውን አቋሙን ይዞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ እንዲሆን አደረገ። መክፈል የማይችሉ ወላጆች ልጆች የሚገቡበት በር ሰፋ፤ በገጾቹ ላይ ያስቀመጠው ጥያቄም ከፊል መልሱን አገኘ።

ጣሃ ሁሴን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1973 በ83 ዓመቱ በካይሮ ዐረፈ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዚያው ዓመት የሰብዓዊ መብት ሽልማቱን ከሰጣቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነው። በ1979 «አል-አያም» በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ቀርቦ አሕመድ ዘኪ የጣሃን ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። መጽሐፉ በግብጽ ትምህርት ቤቶችም ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል። የአገዳውን አጥር ማለፍ ያቃተውን ልጅ ታሪክ ያነበቡት አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ እሱ ያለ ክፍያ ባስከፈተው ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ልጆች ነበሩ።