አሸናፊ ከበደ፦ ከእረኛው ዋሽንት እስከ ኦርኬስትራ

መግቢያ

የኢትዮጵያ ሙዚቃ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ እንዲሆን ከደከሙ ቀደምት ምሁራን መካከል ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ። የሙዚቃ ደራሲ፣ የኦርኬስትራ መሪ፣ መምህር፣ የልብ ወለድ ጸሐፊና የባህላዊ ሙዚቃ ተመራማሪ ነበሩ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የሕይወታቸውን ዐበይት ምዕራፎች መተረክና ከእነዚያ ምዕራፎች አንድ ጥያቄ ማውጣት ነው። የሕዝብ ዜማ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ዓለም መድረክ ሲወጣ ምን ያተርፋል? ምንስ ይቀርበታል? ጥያቄው በአዲስ አበባ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በዲላና በአካባቢዋ ተቀምጦ የጌዴኦን ሕዝብ ዜማ ለማጥናት የሚነሣ ተመራማሪም አስቀድሞ የሚገጥመው ይኸው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሸናፊ የተወለዱበት ዘመን

የአሸናፊን ሥራ ለመመዘን በቅድሚያ የነበረውን ሁኔታ ማስታወስ ይገባል። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የመጡት የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎች በአገሪቱ የዘመናዊ ሙዚቃ መነሻ ተደርገው ይቆጠራሉ። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለቤተ መንግሥቱ የተደራጀ የሙዚቃ ጓድ አቆሙ። በ1935 የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1955 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎችም የሕዝብ ዜማዎችን ለሳክስፎንና ለትራምፔት እያስማሙ ያቀርቡ ነበር። የኬቮርክ የወንድም ልጅ የነበሩት ነርሲስ ናልባንዲያን በዚህ የማስማማት ሥራ ከፍ ያለ ስም አላቸው።

ይሁን እንጂ ሁለት ጉድለቶች አብረው ነበሩ። በአንድ በኩል፣ የሙዚቃ ንባብና ቅንብር የሚያስተምሩት በአብዛኛው የውጭ ተወላጆች ነበሩ። በሌላ በኩል፣ የዜማው ባለቤት የሆነው አዝማሪ በሰርግና በግብር የማይቀርበት ሰው ሆኖ ሳለ በማኅበራዊ ደረጃው የተናቀ ነበር። ስለዚህ ዜማው ወደ መድረክ ሲወጣ ዜማውን ያቆየው ሰው በዕውቀት ባለቤትነቱ አልተከተለውም። የአሸናፊ የሕይወት ሥራ በእነዚህ ሁለት ጉድለቶች መካከል የተሠራ ነው ማለት ይቻላል።

ትምህርትና መምህርነት

አሸናፊ ከበደ በ1938 በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ ተወለዱ። በሐረር መምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1962ም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው ወጡ። ኢስትማን በአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ ሥልጠና ከታወቁት የአሜሪካ ተቋማት አንዱ ነው። ወጣቱ ሙዚቀኛ እዚያ የቀሰሙት የኖታ፣ የኅብረ ድምፅና የኦርኬስትራ ዕውቀት የአዝማሪውን፣ የደብተራውንና የእረኛውን ዜማ የሚመለከት አልነበረም።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዛሬ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በመባል የሚታወቀውን ተቋም በማደራጀት ሥራ ተሰማሩ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም ሆኑ። ትምህርት ቤቱ በኋላ የተጠራው በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ በቅዱስ ያሬድ ስም ነው። ስያሜው ራሱ አቋም አለው፤ በኢትዮጵያ የሙዚቃ ትምህርት ከነሐስ መሣሪያዎች መምጣት በፊት የነበረ መሆኑን ያስታውሳል። በዚህ ተቋም ፒያኖና ቫዮሊን ከማሲንቆ፣ ከክራርና ከዋሽንት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጣሉ። ይህ አሠራር ዛሬ የተለመደ ቢመስልም በጊዜው ትርጉሙ ቀላል አልነበረም። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር ይተላለፍ የነበረ የአዝማሪ ሙያ በክፍል ውስጥ በመምህር የሚሰጥና በፈተና የሚመዘን ትምህርት ሆነ።

ሆኖም መማሪያ ክፍል የራሱን ሕግ ያመጣል። መምህር ለማስተማር መድቦና ከፍሎ ማቅረብ ስላለበት፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት አራት ቅኝቶች የኢትዮጵያ ዓለማዊ ሙዚቃ ትምህርት መሠረት ሆነው ጸኑ። ምደባው ለተማሪው ግልጽ መንገድ ከፍቷል። በዚያው መጠን ደግሞ በምደባው ውስጥ የማይገባ ዜማ ከትምህርቱ ውጭ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ሆነ።

ቡዳፔስት፣ 1967

በ1967 አሸናፊ በሃንጋሪ የመንግሥት ኦርኬስትራን የመምራት ዕድል አገኙ። ከታወቁት ድርሰቶቻቸው መካከል እረኛው ባለ ዋሽንት የተሰኘው ይገኝበታል። ድርሰቱ በመስክ ላይ ብቻውን የሚነፋውን የእረኛ ዋሽንት መነሻ አድርጎ በአውሮፓ ኦርኬስትራ አቀነባበር የቀረበ ሥራ ነው። በዚያን ጊዜ አካባቢ አሸናፊን ከሃንጋሪው የሙዚቃ ሊቅ ከዞልታን ኮዳይ ጋር ማነጻጸር ተለመደ፤ ጥቁሩ ኮዳይ የሚል ቅጽል ስምም ወጣላቸው። ኮዳይ ያረፉት በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነበር።

ንጽጽሩ ከሙገሳ በላይ ሊመረመር የሚገባው ነው። ኮዳይና ባልደረባቸው ቤላ ባርቶክ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የድምፅ መቅረጫ ይዘው በየመንደሩ ዞሩ። የሃንጋሪን ብቻ ሳይሆን የስሎቫክንና የሮማኒያን ገበሬዎች ዜማ ጭምር ሰብስበዋል። ወደ ድርሰት የገቡት እያደመጡና እየጻፉ ነው። ኮዳይ በኋላ የሕፃናትን የሙዚቃ ትምህርት በሕዝብ ዜማ ላይ የመሠረቱትም ከዚህ ልምድ ተነሥተው ነበር። በአሸናፊ ሕይወት ውስጥ ቅደም ተከተሉ የተለየ ነው፤ በቅድሚያ የተገነቡት ትምህርት ቤቱና ድርሰቱ ናቸው፤ ሰፊው ጥናት የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው። አሸናፊ ከታላቁ መድረክ ቀጥሎ ወደ ተማሪነት መመለሳቸው ጥናቱ ምን ያህል አስፈላጊ ሆኖ እንዳገኙት ያመለክታል።

ከደራሲነት ወደ ተመራማሪነት

አሸናፊ በኮኔቲከት ግዛት በሚገኘው በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የኢትኖሙዚኮሎጂ ትምህርት ተከታትለው በ1969 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1971 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። የመመረቂያ ጥናታቸው የኢትዮጵያን ሙዚቃ ከዕድገቱና ከባህላዊ ዐውዱ ጋር የሚመረምር ነው። የርእሱ ሁለተኛ ክፍል፣ ማለትም ባህላዊ ዐውድ የሚለው፣ የአካሄዳቸው ቁልፍ ነው። ዜማ ከሚዜምበት ሥፍራ፣ ከዘማሪው ማኅበራዊ ደረጃና ከመሣሪያው ትርጉም ተነጥሎ አይጠናም።

ቀጥለው የወጡት መጣጥፎቻቸው ይህን አካሄድ በግልጽ ያሳያሉ። በ1975 ስለ አዝማሪ ባለቅኔነትና ሙዚቀኛነት ጻፉ። በ1976 በባህላዊው ዓለማዊ ሙዚቃ ላይ የታዩትን ዘመናዊ ዝንባሌዎች መረመሩ። በ1977 ደግሞ ክራርን የሰይጣን መሣሪያ ከሚለው ስያሜ ጋር አያይዘው አቀረቡ። ይህ የመጨረሻው ጽሑፍ ለአካሄዳቸው ጥሩ ማሳያ ነው። በገናና ክራር በአሠራራቸው ዘመዳሞች ሲሆኑ በገና የምስጋናና የጸሎት መሣሪያ ሆኖ ይከበራል፤ ክራር ግን ከፍቅርና ከመሸታ ቤት ጋር ይያያዛል። ልዩነቱን ከእንጨቱና ከአውታሩ ብቻ ለማግኘት የሚሞክር አጥኚ አይሳካለትም፤ መልሱ ያለው ማኅበረሰቡ ለመሣሪያዎቹ በሰጠው ቦታ ነው።

አሸናፊ ቀሪ ዕድሜያቸውን በአብዛኛው በአሜሪካ በማስተማር አሳለፉ። በኒው ዮርክ በኩዊንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ፣ በመጨረሻም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሠርተዋል። በ1982 የታተመው መጽሐፋቸው የጥቁር ሕዝቦችን ሙዚቃ ሥር ከአፍሪካ ተነሥቶ እስከ ጥቁር አሜሪካውያን ድረስ ይከተላል። በዚህ መጽሐፍ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተለይቶ የቆመ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቶ የአፍሪካ ቤተሰብ አባል ሆኖ ይታያል። አሸናፊ በግንቦት ወር 1998 በፍሎሪዳ፣ ታላሃሲ ከተማ በስድሳ ዓመታቸው አረፉ።

ከዕረፍታቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1997፣ በፈረንሳይ ኢትዮፒክስ የተሰኘው የሸክላ ቅጂዎች ስብስብ መታተም ጀምሮ ነበር። በዚህ ስብስብ አማካይነት የማሕሙድ አሕመድ፣ የሙላቱ አስታጥቄና የሌሎችም የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ሥራዎች ለዓለም አድማጭ ደረሱ። አሸናፊ ለዓለም መድረክ የመረጡት የኮንሰርት አዳራሹንና የጥናት መጽሔቱን ነበር፤ የኢትዮጵያን ዜማ በስፋት ያደረሰው ግን የመዝናኛው ሙዚቃ ሆነ። ያም ሆኖ አድማጩ ዜማው ከየት እንደመጣ ሲጠይቅ የሚመለስባቸው ጽሑፎች የእርሳቸው ዓይነት ጥናቶች ናቸው።

ለጌዴኦ ዜማ ጥናት ያለው ፋይዳ

የአሸናፊን ሥራ ዛሬ የሚያነብ ሰው ሁለት ውሱንነቶችን ማስተዋሉ አይቀርም። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። ዋና ዋና ጥናቶቻቸው የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ የታተሙትም በውጭ መጽሔቶች ነው። ስለ አዝማሪ የተጻፈው ዕውቀት ለአዝማሪው በቀላሉ አልደረሰም። ሁለተኛው ትኩረት ነው። አዝማሪ፣ ክራርና የቤተ ክርስቲያን ዜማ በይበልጥ የሰሜኑንና የመካከሉን ደጋ የሚወክሉ ናቸው። በደቡብ ግን እንደ ዶርዜ ባለብዙ ድምፅ አዘማመር ያሉ፣ በብቸኛ ዘፋኝና በአጃቢ መሣሪያ ሥርዓት የማይገለጹ ወጎች አሉ።

የጌዴኦ ዜማም ከዚህ አንጻር ሊታይ ይገባዋል። አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ በኅብረት እየመለሰ፣ በጭብጨባና በእግር ምት የሚቀርበው ዜማ ባለቤቱ ግለሰብ አዝማሪ ሳይሆን ማኅበረሰቡ ነው። ዐውዱም የራሱ ነው፤ የባሌ ሥርዓት፣ የሶንጎ ሸንጎ፣ የደራሮ የምስጋና በዓል፣ የእንሰትና የቡና እርሻ። ይህን ዜማ ከአራቱ ቅኝቶች በአንዱ ለመመደብ መቸኮል ጥናቱን ከመጀመሩ በፊት መደምደም ይሆናል። በአንጻሩ አሸናፊ ለክራር ያቀረቡት ዓይነት ጥያቄ፣ ማለትም ማን፣ የት፣ ለምን ያዜማል የሚለው፣ ለደራሮ ዜማ ቢቀርብ ፍሬ ይሰጣል። ሊዋሱት የሚገባው እንግዲህ የጥናቱን መንገድ እንጂ የምደባውን ውጤት አይደለም።

ለመዛግብት ፍለጋም አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። አሸናፊ ትምህርት ቤታቸውን በሚያደራጁበት ዘመን አካባቢው በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የደራሳ አውራጃ ይባል ነበር። ስለዚህ ከ1974 በፊት የተዘጋጁ ጽሑፎችንና የድምፅ ቅጂዎችን ጌዴኦ በሚለው ስም ብቻ የሚፈልግ ተማሪ ያለውን ነገር እንደሌለ ሊቆጥር ይችላል።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥም አይደለም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ምዝገባው ጥምር ግብርናውን፣ ጥብቅ ደኖቹንና ትክል ድንጋዮቹን ከነባሩ የአስተዳደር ዕውቀት ጋር ያገናኛል። ድንጋዩና ዛፉ በሥፍራቸው ቆመው ተመራማሪን ሊጠብቁ ይችላሉ፤ ዜማ ግን ከአውጪው ጋር ያልፋል።

ማጠቃለያ

አሸናፊ ከበደ የሕዝብን ዜማ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ኦርኬስትራና ወደ ዩኒቨርሲቲ አስገብተዋል። በዚህ ጉዞ ዜማው ክብርና ሰነድ አገኘ፤ የዜማው ባለቤትና የደቡቡ ወግ ግን በሚገባቸው መጠን አብረው አልተጓዙም። ይህ የአንድ ሰው ጉድለት ሳይሆን ለአንድ ሰው ከሚቻለው በላይ የሆነ ሥራ ምልክት ነው። ቀሪው ድርሻ ቋንቋውን የሚያውቁና ከባለ ዜማዎቹ ጋር የሚኖሩ የአካባቢው ተመራማሪዎች ነው። ጥናቱ በጌዴኦፋና በአማርኛ ተጽፎ፣ የተቀረጸው ድምፅ ቅጂም ለአውጪዎቹና ለቤተሰቦቻቸው ተመልሶ ሲደርስ፣ አሸናፊ የጀመሩት ሥራ በእርሳቸው ዘመን ያልደረሰበት ሥፍራ ይደርሳል።