ኤርንስት ኢዚንግና የማግኔት ሰንሰለታቸው

የኢዚንግን ሞዴል በየፈተናው የምናገኘው ተማሪዎች፤ ሰውዬው በሕይወታቸው ምን እንደ ደረሰባቸው እምብዛም ስለማናውቅ፤ ታሪካቸውን ባጭሩ ለመጻፍ ወደድን። ዘመኑ ኹሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኢዚንግ በ1900 በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ መምህራቸው ቪልሄልም ሌንዝ አንድ ጥያቄ ሰጧቸው፤ ጥቃቅን ማግኔቶች በአንድ መስመር ተደርድረው እያንዳንዱ ጎረቤቱን ብቻ ቢመለከት፤ ኹሉም በአንድነት ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉን?

ለአርባ ምንጭ ተማሪ ነገሩ አይከብድም። ከሲቀላ እስከ ሼቻ በሚወጣው መንገድ ሰዎች በአንድ ረድፍ ቆመው፤ እያንዳንዱ ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል ብቻ እንዲያይና ጎረቤቱን እንዲመስል ይታዘዝ። አንዱ ቢዞር ከእርሱ በኋላ ያለው ረድፍ ኹሉ አብሮት ሊዞር ይችላል፤ ረድፉ ምንም ቢረዝም የሚከፈለው ዋጋ በአንዲት ስፍራ አለመስማማት ብቻ ነው። ጥቂት ሙቀት እንኳ ካለ እንዲህ ያለው ስብራት አይጠፋም፤ ስለዚህ ሰንሰለቱ ማግኔት ኾኖ አይጸናም። ኢዚንግ ይህን በ1924 በዶክትሬት ጽሑፋቸው በስሌት አሳዩ። በሦስት አቅጣጫ ለተዘረጋውም አካል እንዲሁ ነው ማለታቸው ግን ስሕተት ነበር።

ሽቅብ ወይም ቁልቁል ብቻ እንዲያይ ማን አስገደደው? የኤሌክትሮን ስፒን በኒውክሊየሱ ዙሪያ ከሚያደርገው ዙረት ጋራ የተሳሰረ ነው፤ ዙረቱን ደግሞ የጎረቤት አቶሞች የኤሌክትሪክ ኃይል ይጫነዋል። ስፒኑ የክሪስታሉን አቅጣጫ የሚያውቀው በዚህ አማላጅነት ነው።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ኢዚንግ ከመምህርነት ተባረሩ። ከዚያም በካፑት የሚመሩት የአይሁድ ልጆች ትምህርት ቤት በ1938 ተዘረፈ። ወደ ሉክሰምቡርግ ቢሰደዱም የጀርመን ጦር በ1940 ልክ አርባ ዓመት በሞላቸው ቀን ገባ። ሚስታቸው አይሁዳዊት ስላልነበሩ ከመጋዝ ቢድኑም፤ የባቡር ሐዲድ እንዲነቅሉ ተገደዱ።

እኛን የሚያስደንቀን ይህ ነው፤ እሳቸው ከዓለም ተለይተው በግዞት ሥራ በነበሩበት ሰሞን፤ በ1944፤ ላርስ ኦንሳገር የዚያኑ ሞዴል ጠፍጣፋ ገበታ ፈትተው ማግኔትነቱ ከየትኛው ሙቀት በታች እንደሚጀምር አሳተሙ። ኢዚንግ ዝናቸውን የሰሙት አሜሪካ ከተሻገሩ በኋላ በ1949 ነው! በፒዮሪያ ከተማ በብራድሊ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1976 አስተማሩ፤ በ1998 ዐረፉ።

በ2010 ተመራማሪዎች ኮባልት ኒዮባት በተባለው ክሪስታል ውስጥ፤ የኮባልት አቶሞች እንዲያ ባለ ሰንሰለት ተደርድረው፤ ስፒኖቻቸው እንደ ኢዚንግ ረድፍ ሲሠሩ በኒውትሮን ለኩ። ክሪስታሉ ሥርዓት የሚይዘው ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ እሱም ሰንሰለቶቹ እርስ በርሳቸው በጥቂቱ ስለሚነካኩ ነው።