ያልተሸነፈው ታጋይ ጋማ

ከአፍጥር በኋላ ተራዊሕ እስኪደርስ ባለችው አጭር ጊዜ፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሰፈሮች ልጆች ትግል ሲገጥሙ ማየት የተለመደ ነው። ማን ማንን ጣለ የሚለው ክርክርም ቤት ድረስ ይዘልቃል። ዛሬ ለእነዚህ ልጆች ሊተረክላቸው የሚገባ የአንድ ሙስሊም ታጋይ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ስሙ በእኛ ቋንቋ የፈረስ ጋማን ቢያስታውስም፣ ሙሉ መጠሪያው ጉላም ሙሐመድ በክሽ ነበር።

ጋማ እ.ኤ.አ. በ1878 በፑንጃብ፣ በአምሪትሳር አካባቢ፣ ትግል ከአባት ወደ ልጅ በሚወረስበት ቤተሰብ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ታጋይ ነበር፤ ጋማ የስድስት ዓመት ገደማ ሕፃን ሳለ ግን ሞተ። የቲሙን መጀመሪያ አያቱ፣ እርሳቸውም ሲያርፉ አጎቱ ተቀብሎ አሳደገው፤ የአባቱን ሙያም አስተማረው።

በ1888 በጆድፑር ከ400 በላይ ታጋዮች በተሰለፉበት የቁጭ ብድግ ውድድር፣ የ10 ዓመቱ ልጅ እስከ መጨረሻዎቹ 15 ሰዎች ድረስ ጸንቶ ቆመ። የአገሩ ገዥም በዕድሜው ተደንቆ አሸናፊ ብሎ ሸለመው። በ17 ዓመቱ ደግሞ በቁመት እጅግ የሚበልጠውን ዝነኛውን ራሂም በክሽን ገጥሞ ሳይሸናነፉ ተለያዩ። ከዓመታት በኋላ ግን ጋማ አሸንፎት የሕንድ ጀግና የሚል ማዕረግ አገኘ።

በ1910 ከታጋይ ወንድሙ ከኢማም በክሽ ጋር ወደ ለንደን ተሻገረ። አዘጋጆቹ አጭር ነው ብለው ከውድድሩ አገዱት። እርሱ ግን ደፋር ካለ ይምጣ ሲል በይፋ ጠራ። ጥሪውን የተቀበለውን አሜሪካዊውን ዶክተር ሮለርን ደጋግሞ ጣለው። መስከረም 10 ቀን ከፖላንዳዊው ግዙፍ ስታኒስላውስ ዝቢስኮ ጋር ተያያዘ። ዝቢስኮ መሬት ላይ ተለጥፎ አልነሳም በማለቱ ትግሉ ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጅቶ ያለ ውጤት ተቋረጠ። ከሳምንት በኋላ ዝቢስኮ በቀጠሮው ሳይገኝ ቀረ፤ ቀበቶውም ለጋማ ተሰጠ። በ1928 በፓቲያላ እንደገና ሲገናኙ፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ጋማ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጣለው።

ትልቁ ፈተናው ግን የመጣው ከትግል ሜዳ ውጪ ነው። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ በሃይማኖት ሰበብ ደም ፈሰሰ። ጋማ በላሆር ከሚኖርበት ሰፈር ብዙዎቹ ጎረቤቶቹ ሂንዱዎች ነበሩ። ሊገድሏቸው የመጡትን ሙስሊሞች ሰባ ዓመት የተጠጋው ታጋይ ቆሞ እንደመለሳቸው ይነገራል። ሁኔታው ሲከፋም ጎረቤቶቹን አጅቦ ወደ ድንበር ሸኛቸው፤ ስንቃቸውንም ቻለላቸው።

የመጨረሻ ዘመኑ በሕመምና በችግር አለፈ። በግንቦት 1960 በላሆር አረፈ። ሙያው ግን አልሞተም፤ የወንድሙ ልጅ ቦሉና ወንድሞቹ በፓኪስታን የትግል ስም ሆነው ቀጠሉ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ብርቱ ሰው ማለት ሌላውን በትግል የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚገዛ መሆኑን አስተምረዋል። በአንድ ቤት እንኳ ሁለት እምነት ተከባብሮ በሚኖርበት በወሎ፣ ጋማ ለጎረቤቶቹ የቆመበት ያ ቀን ከቀበቶው በላይ ለልጆቻችን ሊነገር ይገባል። ሰፈር ውስጥ ትግል የሚገጥሙት ልጆች ዛሬ ማታ ወደ ቤት ሲገቡ፣ ማን ጣለ ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ማን አነሳ የሚለውን እንጠይቃቸው።